ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ

ትኩሳት የለቀቀው ሰው ሁሉ ድኗል ማለት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና በሽታ አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያስታውቅም፥ የብዙ ሰው ሕመም ከዚያ በኋላ ቀጥሏል። ይኸው ድርጅት መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ትርጓሜ፥ ብዙውን ጊዜ በሽታው ከጀመረ በ3 ወር የሚታይ፥ ቢያንስም 2 ወር የሚቈይ፥ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ድካም፥ የትንፋሽ ማጠርና የሐሳብ መበተን ከዚሁ በሽታ የተረፈ ደዌ ነው። በቀላሉ ታምሞ የተነሣውንም ያገኘዋል፤ ለይቶ የሚያስታውቀው አንድ ምርመራም የለም።

መከራው የሚጸናው በዚህ ነው። መልኩ የጤነኛ ስለ ሆነ፥ መዝገቡን በቀን ይፈጽም የነበረው ጸሐፊ ሲያቅተው አለቃው ሰነፍ ይለዋል፤ ማሕሌት ቆሞ ያድር የነበረውም ደብተራ መቀመጥ ሲያበዛ ባልንጀራው ይታዘበዋል። ባለመታመኑም ጭንቀትና ሐዘን ይጨመሩበታል።

ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ ከመቅጣቱ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሥራውንም እንደ ዐቅሙ ይስጠው። የነፍስ አባትም ከጠበሉ ጋራ የሐኪሙን ምክር እንዲጠብቅ ይንገረው፤ ለድውይ ጾም እንዲቀልለት ሥርዐቱ ይፈቅዳልና። የታመመውን ሰነፍ ማለት ፍርድን ማጓደል ነው።