ርቀቱ በሰዓት ይቆጠር

በኢትዮጵያ መመዘኛ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ይታቀዳል። መመዘኛው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው እንጂ መንገድ አይቆጥርም። ጤና ጣቢያው ብዙ ጊዜ መኪና በሚገባበት ቦታ ይሠራል፤ ከገደሉ ማዶ ያለች ምጥ የያዛት እናት ግን ክረምት ወንዝ ሲሞላ በቃሬዛም አትሻገርም። ስለዚህ በየወረዳው ዕቅድ ላይ ከሕዝቡ ብዛት ጎን የእግር ጉዞው ሰዓት ይጻፍ እንላለን። ለሩቅ ቀበሌ እናቶችም ወንዝ ሳይሞላ ቀድመው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ በቅድሚያ ይዘጋጅ። ውድ ተማሪዎቻችን፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ከአያቶቻችሁ ደጅ እስከ ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠይቁ። ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም አስተዳዳሪ ስትሆኑ መልሱን አትርሱት።