ልጆቹ ሲናገሩ ማን ሰማቸው?

«አስፈሪ ፊልም ልጅ ያበላሻል» እንላለን፤ ቴሌቪዥኑን ስናጠፋም ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ሦስተኛ ክፍል ግን የሚከሰው ወላጆችን ነው። ወጣቶቹ ፍሬዲ ክሩገር የተባለ ገዳይ በሕልማቸው እንደሚያሳድዳቸው ይናገራሉ። ትልልቆቹ ግን «ራሳቸውን ሊያጠፉ ነው» ብለው የአእምሮ ሆስፒታል ያስገቧቸዋል፤ እንቅልፍ የሚፈራን ልጅ በመድኃኒት ያስተኛሉ። ክሩገርን አቃጥለው ምስጢሩን የቀበሩት እኮ ወላጆቻቸው ናቸው! ቀድማ ያመነቻቸው ያንኑ ቅዠት ያየችው ናንሲ ናት።

ፊልሙ ደም የበዛበት ስለሆነ ለልጅ አይሆንም፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ልጃችን «ፈራሁ» ሲለን «ዝም ብለህ ተኛ!» የምንል ከሆነ ቴሌቪዥኑን ማጥፋታችን ምን ይፈይዳል? ወላጆች ሆይ! መከልከሉን እናውቅበታለን፤ ማዳመጡንስ?