«ዊልምስ ነው» ብሎ መፈረም ምርመራ አይደለም

የልጆች ካንሰር በተነሳ ቁጥር የአገራችን ክርክር እዚያው በዚያው ነው፦ መድኃኒት የለም፣ አልጋ የለም፣ የጨረር ወረፋው አያልቅም። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሪባን የማይቆረጥለት፣ ባለሥልጣን ቆሞ ፎቶ የማይነሳበት አንድ ክፍል አለ፤ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ። ልጁ ለስንት ሳምንት ኬሞ እንደሚወስድ፣ ጨረር ያስፈልገው አያስፈልገው እንደሆነ የሚወሰነው እዚያ በሚጻፍ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ የተቀረው ሕክምና ግምት ነው።

የልጆች የኩላሊት ካንሰር ይህን ከማንኛውም በሽታ በላይ ያሳያል። ዋናው ዓይነት ዊልምስ ቱመር ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1899 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው መጽሐፍ ካሳተመው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ከማክስ ዊልምስ ነው። በብዛት የሚይዘው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው፤ ብዙ ጊዜ እናት ልጇን ስታጥብ ሆዱ በአንድ ጎን ጠጥሮ ታገኘዋለች። በሀብታም አገሮች ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይድናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው የልጆች ካንሰር ንቅናቄ ቅድሚያ ከሰጣቸው ስድስት ካንሰሮች አንዱ ይኸው ነው።

የሚድነው ደግሞ በአዲስ ተአምር አይደለም። ቪንክሪስቲን፣ አክቲኖማይሲን፣ ዶክሶሩቢሲን፤ ሦስቱም አሮጌ መድኃኒቶች ናቸው። ቁም ነገሩ ለየትኛው ልጅ የትኛው፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ነው። ስለዚህ «ዊልምስ ቱመር» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ የሚያበቃ ሪፖርት ሐኪሙ በአልትራሳውንድ የጠረጠረውን ስም መልሶ ይነግረዋል እንጂ ሌላ ምንም አይጨምርለትም።

ደረጃውን ቢጽፍስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ዓለም ላይ ሁለት መንገድ አለ። የሰሜን አሜሪካ ሐኪሞች በአብዛኛው ኩላሊቱን መጀመሪያ ያወጣሉ፣ ኬሞው ይከተላል። አውሮፓውያኑ አራት ሳምንት፣ ካንሰሩ ሳንባ ከደረሰ ስድስት ሳምንት ኬሞ ሰጥተው ዕጢውን ካሟሸሹ በኋላ ነው የሚቀዱት። ሁለቱም ያድናሉ፤ ጠቡ እሱ ላይ አይደለም። ጠቡ የደረጃ አሰጣጣቸው የተለያየ መሆኑ ላይ ነው። በአሜሪካው አሠራር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዕጢው በመርፌ ናሙና ከተወሰደበት ወይም ኬሞ ከቀደመው፣ በሆድ ውስጥ ብቻ ያለ በሽታ በቀጥታ ደረጃ 3 ይባላል። በአውሮፓው ግን የመርፌ ናሙና ደረጃውን ከፍ አያደርገውም። አንድ ልጅ በአንዱ ሚዛን 1፣ በሌላው 3 ሊሆን ይችላል። በየትኛው አሠራር እንደተመዘነ ሳይገልጹ «ደረጃ 1» ብሎ መጻፍ ብር ይሁን ዶላር ሳይናገሩ «መቶ» እንደ ማለት ነው።

ልዩነቱ ደግሞ የወረቀት አይደለም። ኬሞው ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ገድሎት ከተገኘና ደረጃው 1 ከሆነ፣ በአውሮፓው አሠራር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌላ ሕክምና የለም፤ ልጁ ቤቱ ይገባል። ከኬሞ በኋላ የተረፈው በአብዛኛው ብላስቴማ የሚባለው ያልበሰለ ሕዋስ ከሆነ ግን ያው «ዊልምስ» ከፍተኛ ስጋት ተብሎ ጠንካራ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ቤክዊዝና ፓልመር በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት አናፕላሲያ፣ ማለትም የሕዋሱ እምብርት ከልክ በላይ መተለቅና መዛባት፣ ከታየ የመዳን ዕድሉ ይለወጣል። ሌላው ይቅርና ዊልምስ የሚመስል ግን ያልሆነ አለ። የአራስ ሕፃን ሜሶብላስቲክ ኔፍሮማ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ያበቃለታል፤ ራብዶይድ የሚባለው ደግሞ ጨካኝ ነው። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት አንዱን ያለ ጥፋቱ በመርዝ መቅጣት፣ ሌላውን ለሞት ማቀበል ነው።

«ፓቶሎጂስቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ሥራው በዝቶባቸዋል» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው፤ ግን ይህ ለተዘጋጀ ቅጽ እንጂ ለባዶ ሪፖርት ማስረጃ አይሆንም። የሚሞላ ቅጽ ድርሰት ከመጻፍ ይፈጥናል። «የምርመራ ቴክኖሎጂ የለንም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ለጥቂት ዓይነቶች ልዩ ምርመራ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ግን በተለመደው ማቅለሚያና በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ኩላሊቱ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው ቀለም ካልተቀባ ካንሰሩ ጠርዙ ላይ መድረስ አለመድረሱን ማወቅ ያስቸግራል፤ ቀለም ስንት ነው ዋጋው? ሚዛንስ? በአሜሪካው አሠራር ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ደረጃ 1 ለሆነና ከ550 ግራም በታች ለሚመዝን ዕጢ፣ ዓይነቱ ደህና ከሆነ፣ ኬሞ ጭራሽ ሊቀር ይችላል። አንድን ሕፃን ከኬሞ የሚያተርፈው የወጥ ቤት ሚዛን የሚሠራው ሥራ ነው ማለት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ላቦራቶሪው ላይ መከመርም አድልዎ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በአካባቢው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች አውጥቶ ካልላከ ፓቶሎጂስቱ ከየት አምጥቶ ይያቸው? የአውሮፓው አሠራር ቢያንስ ሰባት ይላል። አንዱ ላይ ካንሰር ከተገኘ ልጁ ደረጃ 3 ነው፣ ጨረርም ይከተላል። ካልተላኩ ካንሰሩ እዚያው ተቀምጦ «ንጹሕ» ይባላል። ኩላሊቱን እዚያው ቀዶ ክፍል ውስጥ በጉጉት ለሁለት ሰንጥቆ በትንሽ ዕቃ፣ በጭላጭ ፎርማሊን የሚልክም ደረጃውን ገና ከመነሻው አበላሽቶታል።

የጤና ሚኒስቴር ሕንፃ ሳይገነባ፣ ብድር ሳይጠይቅ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ልጆች የካንሰር ሕክምና በሚያገኙባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ፣ አዲስ አበባም ጅማም ጎንደርም መቀሌም፣ አንድ ዓይነት ቅጽ ይኑር፦ በየትኛው አሠራር እንደተመዘነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞ መሰጠቱ፣ ክብደቱ፣ ጠርዙ፣ ስንት የሊምፍ ዕጢ እንደታየና ስንቱ እንደተያዘ፣ አናፕላሲያ መኖር አለመኖሩ፣ ደረጃው። አንዱ መስመር ባዶ ከሆነ ወረቀቱ አይፈረም። ቀዶ ክፍሉም ባዶውን መስመር ያስከተለው እሱ ከሆነ ይጠየቅበት።

እስከዚያው ውጤት የተቀበለ ወላጅ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከመክተቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፦ ደረጃው ስንት ነው፣ በማን ሚዛን፣ የሊምፍ ዕጢውስ ታይቷል?