የመጀመሪያው ዶዝ ይቆጠራል፤ ሁለተኛውን ማን ይቁጠር?

በዩናይትድ ስቴትስ በየዓመቱ ቢያንስ 1.7 ሚሊዮን አዋቂዎች በሴፕሲስ ይታመማሉ። ከእነዚህም ቢያንስ 350 ሺህ የሚሆኑት በሆስፒታል ሳሉ ይሞታሉ፣ አለዚያም የመጨረሻ ቀናቸውን እንዲያሳልፉ ወደ ሆስፒስ ይሸኛሉ። የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ የሰጠው ዋና ምላሽ ሆስፒታሎች ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ሪፖርት የሚያቀርቡበት ሴፕ-1 የተሰኘው መለኪያ ነው። መለኪያው አንቲባዮቲኩ በሦስት ሰዓት ውስጥ መሰጠቱን ይጠይቃል። መጠኑ ለሕመምተኛው ይበቃ እንደሆነ ግን አይጠይቅም፤ ሁለተኛው ዶዝ በሰዓቱ መድረሱንም አይጠይቅም። አቋማችን ግልጽ ነው፦ በጊዜ ተጀምሮ በአግባቡ ያልቀጠለ ሕክምና እንደ ተሟላ ሕክምና ሊመዘገብ አይገባም።

መጠኑ ለምን ያከራክራል?

በሴፕሲስ ጊዜ ፈሳሽ ከደም ሥር ይወጣል፤ በደም ሥር በብዛት የሚሰጠው ፈሳሽም መድኃኒቱን ያቀጥነዋል። የአንዳንዱ ሕመምተኛ ኩላሊት ከወትሮው በላይ ሠርቶ መድኃኒቱን ፈጥኖ ያስወግዳል፤ የሌላው ደክሞ መድኃኒቱ በሰውነቱ ይጠራቀማል። ስለዚህ አንዱን ያነሰው መጠን ሌላውን ይመርዛል። በ2014 የታተመውና በ68 ሆስፒታሎች የተካሄደው ዳሊ የተባለ ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለኢንፌክሽን ከታከሙት 16 በመቶው ዝቅተኛውን የመድኃኒት መጠን እንኳ በደማቸው እንዳላገኙ አሳይቷል። እነዚህ ሕሙማን የተሻለ ውጤት የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ነበር።

የሎረል ጉዳይ

በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት 828 የሴፕሲስ ሕሙማንን መርምሮ፣ በ33 በመቶው ላይ ሁለተኛው ዶዝ በከፍተኛ ደረጃ መዘግየቱን አረጋግጧል። መዘግየቱ ከሞት መጨመር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ለመዘግየቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ አልጋ እስኪገኝ በድንገተኛ ክፍል መቆየት ነው።

ይህ ለሎረል ነዋሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። የከተማዋ ሆስፒታል በ2019 ራሱን የቻለ የድንገተኛ ሕክምና ማዕከል ሆኗል፤ የጽኑ ሕሙማን አልጋ የሚያስፈልገው ሰው በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይዛወራል። በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ተራው የሚደርሰው አልጋ ሲጠበቅ ወይም መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ኃላፊነቱ የላኪው ነው ወይስ የተቀባዩ? ወቀሳችን በነርሶችና በሐኪሞች ላይ አይደለም፤ ጥያቄውን ሳይመልስ በተወው ሥርዓት ላይ ነው።

«ማስረጃው አልተሟላም» ለሚሉ

ተቃዋሚዎች በ2024 የታተመውን ብሊንግ ሦስት የተሰኘ ጥናት ይጠቅሳሉ። ከ7 ሺህ በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት በዚህ ጥናት መድኃኒቱ ያለማቋረጥ ሲንጠባጠብላቸው ከቆዩት 24.9 በመቶ፣ በየተራው በአጭር ጊዜ ከተሰጣቸው ደግሞ 26.8 በመቶ በ90 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። እውነት ነው፣ ልዩነቱ ብቻውን በስታትስቲክስ ረገድ ቁርጥ ያለ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ዓመት 18 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና፣ መድኃኒቱን በረጅም ጊዜ ማንጠባጠብ ሞትን እንደሚቀንስ ደምድሟል። ዓለም አቀፉ የሴፕሲስ መመሪያም ይህንኑ አሠራር በ2021 መክሯል። የሚጠየቀው አዲስና ውድ መድኃኒት አይደለም፤ ያለውን በአግባቡ መስጠት ነው። ለሁሉም መጠን ይጨመር አንልም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የበዛ ሴፌፒም አእምሮን ያውካል። የምንለው ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ይሰጥ ነው።

የምንጠይቀው

የሜሪላንድ ምክር ቤት የድንገተኛ ክፍል የጥበቃ ጊዜን የሚቀንስ ኮሚሽን በ2024 አቋቁሟል። የምክር ቤት አባላትና ረዳቶቻቸው የሚከተሉትን በአጀንዳው እንዲያስገቡ እንጠይቃለን፦

1. በድንገተኛ ክፍል ለሚቆዩና ለሚዛወሩ የሴፕሲስ ሕሙማን የሁለተኛው ዶዝ ሰዓት ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገለጽ።
2. በማዛወሪያው ቅጽ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ የተሰጠበት ሰዓት፣ የቀጣዩ ዶዝ ሰዓትና ኃላፊው ይጻፍ።
3. በየድንገተኛ ክፍሉ ሌት ተቀን የመድኃኒት ባለሙያ ምክር ይገኝ፤ የኩላሊት ሁኔታ ሲለወጥ መጠኑ እንደገና ይመርመር።
4. ይህ መረጃ ለቤተሰብ በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም ጭምር፣ በአስተርጓሚ ይነገር።

እስከዚያው ከሎረል እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወገናችን ሁሉ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ቀጣዩ ዶዝ በስንት ሰዓት ነው? የሚሰጠውስ ማን ነው?» ይህን መመለስ የአስታማሚ ሸክም ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ሕግ ሊመልሰው ይገባል።