ገበሬ የሌለው ማረሻ

የእህቴ ልጅ የመንገድ መሐንዲስ ነው። ባለፈው ሰሞን ከመስክ ሲመለስ ቡና ልንጠጣ ተገናኘንና ስለ ሥራው ጠየቅሁት። አንድ ገደል ላይ ወራት እንደቆዩ፣ ዲናሚት ሲቀብሩ ውለው ድንጋይ ሲጠርጉ እንደሚያመሹ ካማረረልኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አሜሪካኖች እኮ ድሮ በአንድ የኑክሌር ቦንብ ተራራ ሊንዱ፣ ወደብ ሊቆፍሩ ነበር። ፈሪ አስቆማቸው እንጂ ዓለም የት በደረሰች!» አለኝ።

ልጁ ጅል አይደለም። ያነባል፣ ያሰላል። እንደሱ የሚያስቡ የተማሩ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። እድገትን የሚያዘገየው ሁልጊዜ ነገሩ ያልገባው ሰው ፍርሃት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ቡናው ላይ ያልጨረስኩትን ክርክር እዚህ ልጨርሰው። (ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።)

ነገሩ እውነት ነው። በ1957 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን የኑክሌር ፍንዳታን ለግንባታ የሚያውል ፕሮግራም አቋቋመ። ስሙንም «ማረሻ» አለው። ሰይፍ ማረሻ ይሆናል ከሚለው ከነቢዩ ኢሳይያስ ትንቢት መወሰዱ ነው። ዋናው ሰባኪ የሃይድሮጂን ቦንብ አባት የሚባለው ኤድዋርድ ቴለር ነበር። ቦይ ይቀደዳል፣ ወደብ ይከፈታል፣ በዓለት የታሰረ ጋዝ ይለቀቃል ተባለ። የፓናማን ቦይ የሚተካ ሌላ ቦይ በቦንብ ስለመቆፈር ከ1965 እስከ 1970 በኮሚሽን ደረጃ ተጠና። በ1970ዎቹ ደግሞ አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ የሜዲትራኒያንን ውኃ ወደ ግብፅ የቀታራ ረባዳ ምድር ለማውረድ 213 የኑክሌር ቦንቦች እንዲፈነዱ አቅዶ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገሬ ሰው። ይሄኛውን ያወጣው ግን መልአክ አይመስለኝም። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ የምላቸው «ስሙን ጠርጥሩ» ነበር። እስቲ ይሄን ስም እንጠርጥረው።

ማረሻ ምን እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው አይነገረውም። ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ከኋላው ሰው አለ፤ እርፉን ጨብጦ፣ እግሩን ትልሙ ውስጥ ከትቶ፣ አቧራውን እየዋጠ የሚሄድ ገበሬ። ሁለተኛ፣ የታረሰው መሬት ይዘራበታል። እነዚህን ሁለት ያጣ ነገር ብረት ነው እንጂ ማረሻ አይደለም።

ሁለተኛውን ላስቀድም። በ1962 ሴዳን የተባለው 104 ኪሎ ቶን ቦንብ በኔቫዳ በረሃ ከመሬት በታች ተቀብሮ ፈነዳ። 390 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተከፈተ። መሐንዲስ ሲያየው ምራቁን ይውጣል። አቧራው ግን ጨረሩን ተሸክሞ ከበረሃው ወጥቶ ሄደ። ዛሬ ጉድጓዱ የጎብኚ ማሳያ ነው፤ በዚያ ትልም የዘራ የለም። ሶቪየቶችም በ1965 ካዛክስታን ውስጥ በቻጋን ወንዝ 140 ኪሎ ቶን አፈንድተው ሐይቅ ሠሩ። የአገሩ ሰው «የአቶሚክ ሐይቅ» ይለዋል። ጨረሩ ዛሬም አልለቀቀውም።

ጋዙስ? ከ1967 እስከ 1973 በኒው ሜክሲኮና በኮሎራዶ ሦስት ጊዜ ተሞከረ። ጋዙ መውጣቱን ወጣ፣ ግን ጨረር ያለበትን ጋዝ ማን ይገዛል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ፕሮግራሙ 27 ሙከራዎች አካሂዶ በ1977 ተዘጋ። አንድ ወደብ፣ አንድ ቦይ እንኳ ትቶ አልሄደም።

አሁን ወደ ገበሬው እንምጣ። ቴለር በ1958 አላስካ ሄዶ በኬፕ ቶምሰን የባሕር ዳርቻ ወደብ በቦንብ እንደሚከፈት አበሰረ። ተራራችሁ ቦታው ካልተስማማችሁ ካርድ ጻፉልን ብሎ ቀልዷል ይባላል። ታዲያ ወደቡን ማን ጠየቀ? ማንም። ባሕሩ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ የሚዘጋ ነው፤ የሚጫነውም ዕቃ ገና አልተገኘም። መጀመሪያ ቦንቡ ነበረ፤ ሥራው በኋላ ተፈለገለት።

ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ፖይንት ሆፕ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ኢኑፒያት ናቸው፤ ዓሣ ነባሪና ካሪቡ የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን አድነው የሚኖሩ። የመንደሩ ምክር ቤት በ1959 ፍንዳታውን ተቃወመ። የኮሚሽኑ ሰዎች እነሱን ለማነጋገር የመጡት በመጋቢት 1960 ነው፤ ዕቅዱ ከታወጀ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የመጡትም ሊጠይቁ ሳይሆን ዓሣውም አውሬውም ምንም አይሆንም ብለው ሊያጽናኑ ነበር። ሰዎቹ አልተጽናኑም። በ1961 ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጻፉ።

እዚህ ላይ የእህቴን ልጅ ልጠይቀው። ያልገባው ማን ነበር? በኮሚሽኑ ገንዘብ አካባቢውን ካጠኑት የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂስቶች መካከል ዊልያም ፕሩትና ሌስሊ ቪሬክ ይገኙበታል። ከሰማይ የሚወርደው ጨረር ድንጋይ ላይ በሚበቅለው ሽበት መሰል ዕፅ ይጠራቀማል፤ ያን ካሪቡ ይበላዋል፤ ካሪቡን ሰው ይበላዋል። ሳይንሱ የቆመው ከነዚያ «ፈሪ» አዳኞች ጋር ነበር! ሁለቱ ሊቃውንት ግን እንጀራቸውን አጡ። ያው ዩኒቨርሲቲ በ1993 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ካባ ምን ያህል እንደሚያሞቅ አላውቅም።

ዕቅዱ በ1962 ቆመ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከኔቫዳው ጉድጓድ ጨረር ያለበት አፈር ተጭኖ መጥቶ፣ ለሙከራ ተብሎ እዚያው ኬፕ ቶምሰን ተቀበረ። ለመንደሩ ማንም አልነገረውም። በ1992 አንድ ተመራማሪ ሰነድ ሲያገላብጥ ደረሰበትና በቀጣዩ ዓመት ተቆፍሮ ወጣ። ሰዎቹ በዚያ አካባቢ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያድኑ ኖረዋል። ማረሻ አለ ተባለ እንጂ እግሩን ትልሙ ውስጥ የከተተ ገበሬ አልነበረም። እርፉን የያዘው ሩቅ ቆሟል፤ አቧራውን የሚውጠው ሌላ ነው።

ዋሽቼ አልከራከርም፤ የተሳካም አለ። በ1966 ሶቪየቶች በኡዝቤክስታን ሦስት ዓመት ገደማ ሲነድ የኖረን የጋዝ ጉድጓድ በ30 ኪሎ ቶን ቦንብ በቅጽበት አጥፍተዋል። ጥሩ ነው። ግን እሳቱ ነበረ፤ መፍትሔው የመጣው ለነበረ ችግር ነው። እስከ 1988 ካፈነዷቸው ከ120 በላይ «ሰላማዊ» ፍንዳታዎች ስንቱ እንዲህ ነበር? በ1978 በሳይቤሪያ ያኩቲያ አንዱ አፈትልኮ ደኑን አድርቆታል።

«ሰላማዊ» የምትለዋ ቅጽልስ? ሕንድ በ1974 ያፈነዳችውን ሰላማዊ ፍንዳታ ብላ ጠራችው። በ1998 ስትደግም ቅጽሉን አላስፈለጋትም። አገራችን በ1970 ያጸደቀችው የኑክሌር ስምምነትም በአምስተኛው አንቀጹ ቦንብ የሌላቸው አገሮች የሰላማዊ ፍንዳታን በረከት እንደሚካፈሉ ቃል ይገባል። የ1996ቱ የሙከራ እገዳ ስምምነት፣ እስካሁን በሥራ ላይ ባይውልም፣ የሰላም የጦር ሳይል ሁሉንም ፍንዳታ አገደ። በረከቱን አልተካፈልንም፤ እግዜር ይመስገን።

እኔ የልማት ጠላት አይደለሁም። የልጁ መንገድ እንዲያልቅ እመኛለሁ፤ ዲናሚቱም ዶዘሩም ይሥራ። ግን ነገ ሌላ «ማረሻ» ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፤ ስሙም የዛሬው ዓይነት ያማረ ይሆናል። ያኔ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ። ከኋላው ማን ይሄዳል? ከታረሰ በኋላስ ምን ይዘራበታል?

መልሱን መጀመሪያ መስማት ያለበት ደግሞ ከተማ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣው እንደኔና እንደ እህቴ ልጅ ያለው አይደለም። መሬቱ ላይ የሚኖረው ነው።