«መልእክትዎን ይተዉ» የሚለን ማን ነው?

ሰሞኑን እዚሁ አማኑኤል እህል የሚነግድ አንድ ወዳጄ ወረቀት ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ሰው በሌለበት ሰዓት ስልክ አንሥቶ የደዋዩን ቃል የሚቀበል መሣሪያ ለመደብሩ አስገብቷል። የሚቀዳው ሰላምታም ተጽፎ ተሰጥቶታል። «አንተ ግጥም ትሞካክራለህ፤ እስቲ አንብበህ ድምፅህን ስጠኝ» አለኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ሃሎ። ስለደወሉልን እናመሰግናለን። ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው። የሥራ ሰዓታችን ከ8 እስከ 5 ነው። 1ን ይጫኑ ለጤፍ፣ 2ን ይጫኑ ለስንዴ፣ ወይም ከቢፑ በኋላ መልእክትዎን ይተዉ።»

ድምፄን አልሰጠሁትም። ለምን እንዳልሰጠሁት ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው፤ ወረቀቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። ተመሳሳዩን በየከተማው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስልክ እየሰማነው ነው።

ከመጨረሻው ቃል ልጀምር። «ይተዉ» ማለት ምን ማለት ነው? በእኛ አገር «ተው» የሚባለው ለሚሳደብ፣ ዱላ ላነሣ፣ ከሰው ማሳ ከብት ለለቀቀ ነው። ጠብ የሰማ ሽማግሌ «ተዉ! ተዉ!» እያለ ነው ከመሐል የሚገባው። እንግዲህ ቸግሯቸው የደወሉ እናት «መልእክትዎን ይተዉ» ሲባሉ ምን ይረዱ? መልእክቴ አስቀየማቸው ብለው ስልኩን ቢዘጉ ይፈረድባቸዋል? እንግሊዝኛው «ማስቀመጥ»ንና «መተው»ን በአንድ ቃል ይላቸው ይሆናል፤ አማርኛ ግን ለየብቻ ስም አውጥቶላቸዋል።

ሁለተኛው «ይጫኑ» ነው። ጫ ሲጠብቅ በጣት መጫን ነው፤ ሲላላ ግን አህያ መጫን ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይምና ምርጫው በአንባቢው ጉሮሮ ላይ ወድቋል። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ጫን አላልቶ «አንድን ይጫኑ ለጤፍ» ቢል፣ ለእህል ነጋዴ የደወለ ገበሬ አንድ አህያ ጤፍ ጭኖ እንዲመጣ ታዟል ማለት ነው! ደግሞስ ጉዳዩን አስቀድሞ ግሱን ወደ መጨረሻ መውሰድ የቋንቋችን ጠባይ አይደለምን? «ለጤፍ 1ን ይጫኑ» ቢባል ሰሚው ጉዳዩን ለይቶ ቁጥሩን ይጠብቃል። «1ን ይጫኑ ለጤፍ» ሲባል ግን ጤፍ እስኪጠራ ድረስ ቁጥሩ ከአእምሮው ይጠፋል።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። እኔ በባንክ መስኮት የምውል ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ከመስኮቴ ፊት ቆመው እንዲህ አጫወቱኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓቱን «ከ8 እስከ 4» ብሎ በስልኩ አስቀድቷል። እሳቸው ሌሊት ተነሥተው፣ በእግራቸው ተጉዘው፣ ማለዳ ከተማ ደረሱ። ቢሮው በ8 ሰዓት ይከፈታል ብለውም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አረፈዱ። በ8 ሰዓት ሲሄዱ ወረፋው ሞልቷል። «ምነው ጠዋት ቢመጡ?» ተባሉ። «ልጄ፣ ስልኩ ነው እኮ የነገረኝ» አሉኝ። ያን ዕለት ከተማ አደሩ። የፈረንጅን ሰዓት ሳይመልስ የቀዳው ሰው ይህን አያውቅም፤ ደመወዙንም አልተቀነሰ።

ወዳጄ «ማን ያዳምጠዋል? ሰዉም ለምዶታል» አለኝ። አዎን፣ የተማረው ለምዶታል፤ ከጀርባ ያለውን እንግሊዝኛ እየገመተ ይረዳል። ከጆሮው በቀር ሌላ መጽሐፍ የሌለው ግን በምን ይገምታል? ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ ቢሳሳት የሚያነብ ያርመዋል። በጆሮ የገባ ስሕተት ማን ያርመዋል?

ይህ ሥራ ክብር የሌለው እንዳይመስለን ወደ ኋላ እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀድተው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። በ1899 ንጉሡም እቴጌይቱም፣ እያንዳንዳቸው በገዛ ድምፃቸው፣ በአማርኛ ምላሻቸውን አስቀድተው ሰደዱ። በመሣሪያ የተቀዳ አማርኛ ሲጀምር በትርጉም አልጀመረም፤ ተናጋሪው ቃሉን አውቆት፣ ቃሉም የተናጋሪውን ክብር ተሸክሞ ነበር።

የጥብቀቱንም ችግር ያየ ሰው ከእኛው መንደር ነበረ። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ ከእንዶዳም የወጡት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ከሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አኑረዋል። ያንኑ መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰብለ ወንጌልን አወቀ። ያ ነጥብ በልማድ ሳይጸና ቀረ። ለድምፅ በሚዘጋጅ ጽሑፍ ላይ ግን ዛሬም ምን ይከለክለናል? አንድ ነጥብ አህያውን ከጣት ይለያል። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ኮምፒዩተር በመጣበት በዚህ ዘመን ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሰው በልቡ የሚያውቀውን ጥብቀት መሣሪያው ይገምታልና።

መሣሪያውም የራሱ ጠባይ አለው። የስልክ መስመር በተለምዶ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። ሰን ከፈ የሚለየው ፉጨት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሚቀዳ ሰው ረጋ ይበል፣ ዐረፍተ ነገሩን ያሳጥር፣ ከቃሉ በታች ክራርም ሆነ ኦርጋን አያስመታ። ዘፈን የፈለገ ሬዲዮ አለው።

አንድ ቃል ቀረኝ፤ «ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው» የሚለው። ይህን ሰምቶ ያመነ ሰው አላየሁም። አስፈላጊ ከሆነ ለምን አላነሣችሁትም? አማርኛ ለአክብሮት ሌላ መንገድ አለው፤ ቃል ይገባል። «መልሰን እንደውላለን» ማለት ዕዳ ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይሉ የለም አባቶቻችን? የዕዳን ነገር ደግሞ ከሥራዬ የተነሣ ትንሽ አውቃለሁ፤ ሊከፍል ያላሰበ አይፈርም።

ከወዳጄ ጋር አመሸንበት። «እንደምን አደሩ» ብንል ማታ ለሚደውል አይሆንም፤ «ጤና ይስጥልኝ» ግን ሰዓት አይመርጥም። በመጨረሻ ድምፄን የሰጠሁት ለዚህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የደወሉት ወደ እህል መደብራችን ነው። አሁን በቦታው ሰው የለም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ያገኙናል። ደወሉን ሲሰሙ ስምዎንና ጉዳይዎን ይንገሩን። መልሰን እንደውላለን።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ከመቅዳቴ በፊት ወዳጄን አንድ ጊዜ ጠየቅሁት፤ «ትደውላለህ?» «እደውላለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀዳነው።

ቸር ይግጠመን።