ግድግዳው ይረጭ፣ ግቢው ይታጨድ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ጋምቤላን የሚያውቅ የክረምቱን ሣር ያውቃል። ዝናቡ ከተከታተለ ዛሬ የታጨደው ብዙም ሳይቆይ ጉልበት ይደርሳል። ባለፈው ሰኔ ወገቤ ለማጭድ አልታዘዝ ቢለኝ፣ እባቡንም ስለፈራሁ፣ መርጫ በጀርባው አዝሎ በየሰፈሩ የሚዞር ወጣት ጠራሁ። «እማማ፣ አንዴ ከረጨሁልዎ እስከ መስከረም ሣር አያዩም» አለኝ። የቀዳው ጽሑፍ ከሌለው የሃይላንድ ላስቲክ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። «የማታውቁትን መድኃኒት ለልጅ አትስጡ» እያልኩ ከ30 ዓመት በላይ እናቶችን የመከርኩ ነርስ፣ የማላውቀውን መርዝ በራሴ ግቢ አስረጨሁ።

ከሰዓት በኋላ የአራት ዓመት የልጅ ልጄን በባዶ እግሯ ማንጎው ሥር አገኘኋት። ከሣሩ ላይ ያነሳችውን ማንጎ እየጋጠች ነው! ልብሷን አውልቄ በሳሙና አጠብኋትና ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። «የተረጨው ምንድን ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ሌሊቱን ትንፋሿን ስቆጥር አነጋሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ፀረ ተባይ ጠጥቶ የመጣ ሕፃን ነበር፤ እሱ አልተረፈም።

ስሙ ራሱ ያዘናጋናል። የአረም ማጥፊያውንም የተባይ ማጥፊያውንም «መድኃኒት» ነው የምንለው። መድኃኒት ደግሞ ማን ይፈራል? ሕፃን ለመሬት ቅርብ ነው፤ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ለኪሎው ሲታይ ከእኛ የበለጠ አየር ይስባል። ለእኛ ትንሽ የሆነው ለእሱ ብዙ ነው።

ደግሞስ ምን ጥቅም አገኘሁ? የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው ባቆረ ውኃ ውስጥ እንጂ በሣር ላይ አይደለም። የአረም ማጥፊያም ትንኝ አይገድልም። ሣሩም ቢሆን ቢጫ ሆኖ ቆሞ ደረቀ፤ እባብ እንዳይደበቅበት ያው መታጨዱ አልቀረም! ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የተረጨው ታጥቦ ወደ ባሮ ይወርዳል፤ ከምንታጠብበትና ዓሣ ከምናወጣበት ወንዝ።

እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ጤና ቢሮ የሚያስረጨው የቤት ውስጥ ግድግዳ ርጭት ሌላ ነገር ነው። ተመርጦ፣ ተለክቶ፣ በሠለጠነ ሰው የሚረጭ፣ ከወባ የሚጠብቀን ነው። ያን ጊዜ በራችሁን ክፈቱ፤ የተረጨውንም ግድግዳ መልሳችሁ አትለስኑ። አጎበሩም አይቅር። እኔ የምቃወመው ግቢ እንዲያምር ብቻ የሚረጨውን ነው።

ይህን ልዩነት ቀድመው ያዩ አሉ። በካናዳ፣ በኩቤክ ግዛት፣ ሃድሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ዶክተር ጁን ኧርዊን የተባሉ የቆዳ ሐኪም በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ እየተገኙ ስለ ግቢ ኬሚካል ለዓመታት ወተወቱ። በፈረንጆቹ 1991 ከተማዋ ለሣር ውበት ሲባል መርጨትን ከለከለች። ለእርሻ ሥራና ለሰው አደገኛ የሆኑ ተባዮችን ለማጥፋት ግን ቦታ ተወች። ኩባንያዎች ከሰሷት፤ በ2001 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለከተማዋ ፈረደ። በ2009 ደግሞ በትልቁ የኦንታሪዮ ግዛት ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ።

እኛም ሕግ አለን። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥና ሥራ ላይ እንዳይውል ይከለክላል። ነገር ግን በሃይላንድ የሚዞረውን ለማስቆም መጀመሪያ እኛ መግዛት ማቆም አለብን። የደረሰብኝን በዕድራችን ስብሰባ ላይ ሳልደብቅ ተናገርሁ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዲት እናት ግን «እኔም አስረጭቻለሁ» ብላ አለቀሰች። በመጨረሻ ተስማማን፤ በዚህ ክረምት የሰፈሩ ወጣቶች በማጭድ ያጭዱልናል፣ ለመርጫ የምናወጣውን ብር ለእነሱ እንከፍላለን። ያ መርጫ አዛይ ወጣትም ከአጫጆቹ አንዱ ሆኗል። እሱም ቢሆን ያለ ጓንትና ያለ መሸፈኛ ሲረጭ የኖረ የሰው ልጅ ነው።

ልጅ ኬሚካል ከነካው ወይም ከጠጣ ይህን አስታውሱ፦ የተነከረውን ልብስ አውልቁ፤ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡ። በግድ አታስመልሱት፤ «ያረክሰዋል» ብላችሁም ወተት አታጠጡት። ዕቃውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ደቂቃ አታባክኑ።

ሣሩ ቢያድግ ይታጨዳል። ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ሳምንት እንገናኝ፤ ሰላም ሰንብቱ።